ወደ ሕዝብ መሄድና ከሕዝብ ጋር መሥራት

ዕውቀት ከሰማይ የወረደ ገጸ በረከት አይደለም። የሰው ልጅ ከተፈጥሮ ጋር ባካሄደው የረጅም ዘመን ትግል፣ በላቡና በድካሙ ያከማቸው የጋራ ሀብት ነው። ዩኒቨርሲቲም ከዚሁ ሀብት የተገነባ ነው። ግንቡን ያቆመው፣ መብራቱን የሚያበራው፣ የመምህሩን ደመወዝ የሚከፍለው አርሶ አደሩ የሚያመርተው ምርት፣ ከሠራተኛው ደመወዝ በየወሩ የሚቆረጠው ግብር፣ በጉሊት የምትውለው እናት ጨውና ሳሙና በገዛች ቁጥር ሳታውቀው የምትከፍለው ቀረጥ ነው። ስለዚህ በየክረምቱ የከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎች አካፋና ቀለም ይዘው ወደ ድሆች ሠፈር በሚዘልቁበት ጊዜ ባለ ዕዳው ማን እንደሆነና አበዳሪው ማን እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ይሆናል። ለጥያቄው የምንሰጠው መልስ የሥራውን ጠባይ ከሥሩ ይለውጠዋል።

ጉዳዩን እንድናነሣ ያስገደደን በአዲስ አበባ በአንድ አሮጌ ሠፈር ያየነው ነገር ነው። በአንድ ክረምት የአንዲት አረጋዊት እናት ቤት እንዲታደስ ተወሰነ። ከአንድ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም የመጡ ሠላሳ ያህል ወጣቶች አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ደረሱ። የድምፅ ማጉያ ተተከለ፤ ሙዚቃ ተለቀቀ። እኩለ ቀን ሳይሆን የዛገው ቆርቆሮ ወርዶ፣ የበሰበሰው ማገር ተነቅሎ፣ ንግግር ተደርጎ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ አለቀ። አዲሱ ቆርቆሮ ግን አልመጣም። ግዥው በአንድ ቢሮ፣ ማጓጓዣው በሌላ ቢሮ፣ ፊርማው በሦስተኛ ቢሮ ነበርና። ማምሻውን ዝናብ ጣለ።

እኒያን እናት ጎረቤት ከነፍራሻቸው አስገባቸው። የሠፈሩ ዕድር የለቅሶ ድንኳኑን አውጥቶ በግድግዳዎቹ ላይ ወጠረ። ድንኳኑ ከዚያ ሳይነሣ አሥራ አንድ ቀን ሰነበተ፤ በዚያው መካከል በሠፈሩ ሁለት ሰው ስለ ሞተ ዕድሩ ከጎረቤት ዕድር ድንኳን ተበድሮ ሐዘንተኛውን አስተናገደ። በኋላ ስንጠይቅ እንደ ተረዳነው፣ አረጋዊቷ በዚያ ጠዋት «ልጆቼ፣ አሮጌው ከመውረዱ በፊት አዲሱን ባየው» ብለው ነበር። ሙዚቃው ከፍ ብሎ ስለ ነበር የሰማቸው አልተገኘም።

ወጣቶቹን ለመውቀስ አንቸኩልም። ከሠላሳዎቹ መካከል አራቱ በሦስተኛው ቀን ማንም ሳይልካቸው፣ ቲሸርቱንም ሳይለብሱ ተመልሰው መጡ። ከጎረቤቱ ጋር ጭቃ አቦኩ፤ ጭድ ተሸከሙ፤ ግድግዳውን መረጉ። አንደኛው ወላጆቹ ቤት በዝናብ ወራት ዕቃ ሁሉ እየተደቀነ ያደገ የገጠር ልጅ መሆኑን አጫውቶናል። የእነዚህ አራት ልጆች ፎቶግራፍ በየትም ቦታ አልተለጠፈም። በመጀመሪያው ቀን የመጡት ሠላሳዎቹና በሦስተኛው ቀን የተመለሱት አራቱ፣ ሁለቱም በአንድ ስም «በጎ ፈቃደኞች» ይባላሉ። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ያለውን ልዩነት ነው።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም፤ የዛሬም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1874 የበጋ ወራት በሺህ የሚቆጠሩ የሩሲያ ተማሪዎችና ምሁራን የገበሬ ልብስ ለብሰው፣ አንዳንዶቹም አናጢነትና ጫማ ሰፊነት ተምረው ወደ ገጠር ወረዱ። ናሮድኒክ የሚባሉት እነዚህ ወጣቶች ቅንነት አልጎደላቸውም። የጎደላቸው ገበሬው ምን እንደሚፈልግ ማወቅ ነበር፤ በመጻሕፍት ውስጥ ያገኙትን ገበሬ ይዘው ሄደው በመንደሩ ውስጥ ሌላ ገበሬ ጠበቃቸው። ገበሬው በጥርጣሬ ተመለከታቸው፤ አንዳንዶቹንም ራሱ ለፖሊስ አሳልፎ ሰጠ። ፍጻሜው እ.ኤ.አ. በ1877 የተጀመረውና 193 ሰዎች የተከሰሱበት ታላቁ ችሎት ሆነ። ከዚህ በተቃራኒ እ.ኤ.አ. በ1961 በኩባ ከ100 ሺህ የሚበልጡ ወጣቶች ፋኖስና ፊደል ይዘው ወደ ገጠር ሲዘምቱ፣ ቀን ከገበሬው ጋር በእርሻው እየሠሩ፣ ሌሊት በጎጆው እያደሩ፣ ማታ ማታ ያስተምሩ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ከ700 ሺህ በላይ ሰዎች ማንበብና መጻፍ መቻላቸው ተገለጸ። ወጣቶቹ የገበሬውን ዱካ ተከትለው ስለ ሠሩ ፊደሉ ቦታ አገኘ።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1945 ዓ.ም. በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር ሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከዚህ እልቂት ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። ኮሌጁ የጤና መኮንን፣ የኮምዩኒቲ ነርስና የሳኒቴሽን ባለሙያ አሠለጠነ፤ ሦስቱንም በአንድ ቡድን አድርጎ እንደ ቆላ ድባ ወዳሉ ጤና ጣቢያዎች ላካቸው። ተማሪው በሽተኛውን ያከመው በሽታው በተነሣበት ቀዬ ነው፤ የጉድጓዱን ውኃ፣ የመጸዳጃውን ሁኔታ፣ የልጆቹን ምግብ እያየ ነው። እንደ እኛ እምነት በዚህች አገር ተማሪንና ድሃ ሕዝብን ያገናኘው ከሁሉ የላቀ ሥራ ይህ ነው፤ ብዙ ያልተነገረለትም እርሱ ነው። በጎ ፈቃድ የሚል ስም አልነበረውም። የትምህርቱ አካል ነበር።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነው። በ1956 ዓ.ም. በወጣው ደንብ መሠረት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር ማገልገል ግዴታው ሆነ። አብዛኞቹ በመምህርነት ተመደቡ። በዚያን ጊዜ መምህር ያልነበራቸው የአውራጃ ትምህርት ቤቶች በእነዚህ ወጣቶች ሳቢያ ክፍሎቻቸውን ከፈቱ። መንግሥት የፈለገው ይህንኑ ነበር። ሆኖም ሊያስተምር የሄደው ተማሪ ራሱ መማሩ አልቀረም። በከተማ ሆኖ በጽሑፍ ብቻ ያነበበውን የጭሰኝነት ሥርዓት በዓይኑ አየ፤ ጭሰኛው ከምርቱ ከፍሎ የሚሰጠውን፣ ከምርቱም በላይ በጉልበቱ የሚገብረውን አየ። የመጀመሪያዎቹ አገልጋዮች በየአውራጃው በነበሩበት በዚያው በ1957 ዓ.ም. የካቲት ወር ነው ጓደኞቻቸው በአዲስ አበባ «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት። በሚቀጥለው ዓመት በ1958 ዓ.ም. ደግሞ ለማኞችና ድሆች ከከተማው እየታፈሱ በሾላ ካምፕ መታጎራቸውን ተማሪዎቹ ተቃወሙ። ድሃን ከዓይን መሸሸግ ድህነትን ማጥፋት እንዳልሆነ ለመናገር በዚያን ዘመን ድፍረት ይጠይቅ ነበር። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ረኃብ ሲደበቅ መምህራን ሄደው አይተው ፎቶግራፉን በዩኒቨርሲቲው ውስጥ አሳዩ፤ ተማሪዎችም ቁርሳቸውን ትተው ለተራበው እንዲሆን ሰጡ። የአንድ ቁርስ ዋጋ ትንሽ መሆኑ ግልጽ ነው። የተደበቀውን ረኃብ ግን ከዚያ በኋላ መደበቅ አስቸገረ።

እድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲታወጅ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ካኪ ለብሰው ወደ ገጠር ዘመቱ። ፊደል አስቆጠሩ፤ መጸዳጃ ቆፈሩ፤ ምንጭ አጎለበቱ። ሆኖም የዘመቻውን ታሪክ የለወጠው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። አዋጁ በወረቀት ላይ ነበር። እያንዳንዱ የገበሬ ማኅበር ቢያንስ 800 ሄክታር በሚሆን ይዞታ ላይ እንዲመሠረት፣ የአንድ ቤተሰብ ድርሻም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ የሚለውን አንቀጽ ለገበሬው ያነበበለት፣ ስብሰባውን የጠራውና ቃለ ጉባኤውን የጻፈው በብዙ ቦታ ዘማቹ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የተመሠረቱት የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትም፣ ማለት ዛሬ ይህንን ጽሑፍ የሚያነብቡት የብዙዎቹ አንባቢዎቻችን ቀበሌዎች፣ የልደት ዘመናቸው ይኸው ዓመት ነው።

ይሁን እንጂ ታሪክን በአንድ ወገኑ ብቻ መተረክ ሐቀኝነት አይደለም። ከዘማቾቹ ብዙዎቹ ዘመቻው ተማሪውን ከመዲናይቱ ለማራቅ የታሰበ ነው የሚል ጥርጣሬ ነበራቸው፤ ጥርጣሬውም ከመሬት የተነሣ አልነበረም። በአንዳንድ ቦታ ዘማቹ ከገበሬው ጎን ቆሞ ከመሬት ከበርቴውና ከአካባቢው ፖሊስ ጋር ተጋጨ፤ የተገደሉም ነበሩ። መንግሥት ተማሪው ገበሬውን እንዲያደራጅለት ፈለገ፤ ተማሪው ግን የተደራጀው ገበሬ ራሱ እንዲወስን ፈለገ። በዚህም በዚያም የስሜታዊነት ስሕተት ነበር፤ ከተማ የተወለደ ወጣት የአገሩን ልማድና እምነት ሳይጠይቅ ያፈራረሰበት፣ ገበሬውንም ያስቀየመበት አጋጣሚ ጥቂት አልነበረም። ብዙዎቹ ዘመቻውን ጥለው ሄዱ። ከዚያ ትውልድ እጅግ ብዙ ልጆች በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ረገፉ። የሕዝብ ፍቅር የነበረው ትውልድ የተከፈለው ብድራት ይህ ነበር። ነገሩን ሳይጠቅሱ ማለፍ በሟቾቹ ላይ ሌላ በደል መጨመር ስለሚሆን ጠቅሰነዋል።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ሲጀመር በአምስት ቋንቋዎች ነበር፤ በኋላ አሥራ አምስት ደረሱ። ሰፊው ሕዝብ በገዛ ቋንቋው ፊደል መቁጠሩ ትልቅ ድል ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘውም በከንቱ አይደለም። ነገር ግን ፊደሉን የቆጠረው ጎልማሳ የሚያነብበው ጋዜጣና መጽሐፍ በቀዬው አላገኘም፤ አስተማሪውም ዙሩ ሲያበቃ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ብዙው ሰው ከዓመታት በኋላ ወደ አውራ ጣቱ ፊርማ ተመለሰ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ለሠፋሪዎች ጎጆ እንዲሠሩ ወደ ጋምቤላና ወደ መተከል ተላኩ። ጎጆው ተሠራ። ከሠፋሪዎቹ መካከል ግን ብዙዎቹ ያለ ፈቃዳቸው የተጫኑ ነበሩ፤ በማያውቁት ቆላ ወባ ፈጃቸው። የተማሪው ድካም እውነተኛ ነበር፤ ጎጆው የተሠራለትን ሰው «እዚህ መኖር ትፈልጋለህ ወይ?» ብሎ የጠየቀው ግን አልነበረም። በጎ እጆች ለክፉ አሠራር መሣሪያ ሊሆኑ እንደሚችሉ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

አሁን ያለንበትን ሁኔታ ስንመለከት መልኩ ተለውጧል። በዚያ ዘመን የነበረው ዩኒቨርሲቲ በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ሆነዋል። በዚያ ዘመን ተማሪው ወደ ሕዝብ «ይወርድ» ነበር፤ ዛሬ ግን አብዛኛው ተማሪ ከዚያው ከሕዝቡ ጎጆ የወጣ ነው። በ1996 ዓ.ም. በተጀመረው አሠራር መሠረት የትምህርቱን ወጪ በከፊል ተመርቆ ይከፍላል። ስለዚህ «ዕዳዬን ከደመወዜ እከፍላለሁና ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?» የሚል ወጣት ቢገጥመን አንደነቅም። መልሳችን ግን ይህ ነው፤ ወጪን መጋራት በገንዘብ የሚቆጠረውን ክፍል ይመለከታል። በወንበሩ ላይ ሊቀመጥ ይችል የነበረው፣ ነገር ግን ከስምንተኛ ክፍል ወጥቶ የቀን ሠራተኛ የሆነው እኩያው ያጣው ዕድል በማንኛውም ቅጽ ላይ አይሞላም።

ሕጉም ቢሆን ግዴታውን በተቋሙ ላይ ጥሏል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152 የማኅበረሰብ አገልግሎትን ከመማር ማስተማርና ከምርምር ጋር ያስቀምጠዋል። የሚያኮሩ ሥራዎችም አሉ። በ1975 ዓ.ም. የተቋቋመው የጅማ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ትምህርቱን ገና ከጅምሩ በኅብረተሰቡ መካከል እንዲሰጥ አድርጎ ያደራጀ ሲሆን፣ ይህ ልማድ በዩኒቨርሲቲው ዛሬም አለ። ተማሪዎቹ ቤት ለቤት እየዞሩ ችግሩን ይመዘግባሉ፤ ከነዋሪው ጋር ይነጋገራሉ፤ በሚቀጥለው ጊዜ መጥተው የተለወጠውን ያያሉ። በአዲስ አበባ፣ በሐዋሳ፣ በሐረማያና በሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። ለራፖር ጸሐፊ የምትከፍለው ያጣች እናት የልጆቿን ቀለብ ለመጠየቅ ማመልከቻዋን በተማሪ እጅ ስታስጽፍ፣ ተማሪው በመጽሐፍ ያነበበውን አንቀጽ በሰው ሕይወት ላይ ሲሠራ ያየዋል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ ዩኒቨርሲቲዎች የእጅ ማጽጃ አምርተው አከፋፈሉ። እነዚህ ሁሉ ተማሪው በሚያውቀው ሙያ የተሠሩ ናቸው። የአራተኛ ዓመት የምሕንድስና ተማሪ የግድግዳ ቀለም ሲቀባ አይተናል፤ ከእርሱ ጀርባ የቆመው ግድግዳ ግን ተሰንጥቆ ነበር፤ ስንጥቁን እንዲመረምር የጠየቀው የለም።

በዚህ ረገድ ሠራተኛውን በቀጥታ የሚነካ አንድ ነገር አለ። በሠፈር ውስጥ ቀለም የሚቀባ፣ ግንብ የሚገነባ፣ ጣሪያ የሚመታ ሰው ሞልቷል። በጠዋት በየአደባባዩ ቆሞ ቀጣሪ የሚጠብቅ አናጢ አለ። ሠላሳ ተማሪ ለአንድ ቀን በአውቶቡስ ለማመላለስ፣ ቲሸርት ለማሳተምና ምሳ ለማብላት የሚወጣው ገንዘብ ለዚህ አናጢ የስንት ቀን ደመወዝ እንደሚሆን ያሰላ ተቋም ገና አላየንም። አናጢው በደመወዝ ሠርቶ፣ ተማሪው ሥራውን አግዞና ተምሮ፣ ሒሳቡንም በግልጽ ጽፎ ለነዋሪው ቢያቀርብ ቤቱም ይቆማል፤ ሙያተኛውም እንጀራውን አያጣም። በነፃ ጉልበት ስም የድሃውን ሥራ ለድሃው ስጦታ አድርጎ ማቅረብ ግን ድርብ ጉዳት ነው።

ችግሩ ያለው በወጣቱ ላይ አይደለም ስንል ኃላፊነቱን ከትከሻችን ለማውረድ አይደለም። የቀበሌ፣ የወረዳና የዕድር አባላትም የምንጠየቅበት አለ። እንግዳ ሲመጣ «እሺ» ማለት ልማዳችን ነው፤ የማንፈልገውን ነገር በምስጋና እንቀበላለን፤ ያልተጨረሰውን ቤት በጓዳ እናማለን። የቆሻሻ ቦይ እንዲጠረግልን የምንፈልግ ሆነን ሳለ አጥር ሲቀቡልን አጨብጭበናል። ማኅበር ማለት ለመቃብርና ለሠርግ ብቻ የሚሰበሰብ ከሆነ የራሱን ችግር ቅደም ተከተል አስይዞ ለመምጣቱ ለማንም ሊያሳይ አይችልም። ይህንን ሂስ በራሳችንም ላይ የምናቀርበው ነው፤ ጋዜጦቻችን የምረቃውን ቀን ይዘግባሉ፤ ወደ ቤቱ ተመልሰው በጥቅምት ሲያዩት አይታዩም።

ፈቃድና ግዴታስ? በዚህ ላይ የሚከራከሩ አሉ። አንዱ ወገን የ1956ቱ ዓይነት ግዴታ ይመለስ ይላል፤ ሌላው ግዴታ የሆነ በጎነት በጎነት አይደለም ይላል። እንደ እኛ አስተያየት ግዴታው ሊያርፍበት የሚገባው በተቋሙ ላይ ነው። ጊዜውን በትምህርት መርሐ ግብሩ ውስጥ የሚመድብ፣ መምህርን ከተማሪው ጋር የሚያሰማራ፣ የጀመረውን ሳይጨርስ እንዳይወጣ በፊርማ የሚታሰር ተቋም ካለ፣ የተማሪው ፈቃድ ራሱ ይመጣል። በሦስተኛው ቀን ተመልሰው የመጡት አራቱ ወጣቶች ማንም አላስገደዳቸውም። ይህን የመሰለ ልብ ያለው ትውልድ ይዞ የድንኳን ጣሪያ ማትረፍ የአደረጃጀት ውድቀት ነው።

ያ ዕድር በመስከረም ወር ጠቅላላ ጉባኤውን አካሄደ። በአጀንዳው ላይ የድንኳን ጥገና የሚል ነጥብ ነበረበት፤ አሥራ አንድ ቀን ዝናብና ፀሐይ ስለ መታው ሸራው ተቀድዶ ነበርና። ከዚያ በኋላ ረጅም ክርክር ተደርጎ አንድ ውሳኔ በቃለ ጉባኤው ተመዘገበ። በሚመጣው ክረምት ማንኛውም ቡድን ቤት ሊያድስ ቢመጣ በክብር ይቀበሉታል፤ ነገር ግን ቆርቆሮው፣ ምስማሩና እንጨቱ ተቆጥሮ በዕድሩ ግቢ ሳይገባ፣ የሠፈሩ አናጢም አይቶ ሳይፈርም፣ ከማንም ጣሪያ ላይ አንዲት ቆርቆሮ አትወርድም። ከአራቱ ልጆች ሁለቱ በጉባኤው ላይ ተገኝተው ነበር። እኒያ እናት በፊተኛው ረድፍ ተቀምጠው እጃቸውን ከሁሉ አስቀድመው አነሡ።